መዝጊያዋ ቋጠሮ

ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጸደንያ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤቷ ሶፋ ላይ እግሯን ሰቅላ፣ በስልኳ የሚመጣላትን ምስጋና እያነበበች ለብቻዋ ትስቃለች። ጉንፋን አፍንጫዋን ከደፈነው ሳምንት ሊሞላው ነው፤ እሷ ግን ዛሬ ስለ ጉንፋን ማሰቢያ ጊዜ የላትም። ሁለት ወር ሙሉ የደከመችበት «የቅጠል መንገድ» ጠዋት ተከፍቷል።

ጸደንያ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። በስልክ ካርታ እየተመሩ የተደበቀ ሣጥን የሚፈልጉበት ጨዋታ አለ፤ ፈረንጅ አገር ያረጀ፣ እኛ ዘንድ ገና ጥርስ በማውጣት ላይ ያለ። እሷም ይህን ጨዋታ ይዛ በፉሪ ጋራ የጫካ መንገድ ላይ አሥር የምሳ ዕቃዎች ደበቀች፤ አንዱን ከድንጋይ ሥር፣ አንዱን ከባሕር ዛፍ ጉቶ ውስጥ፣ አንዱን ከጽድ ግንድ ሥር። እያንዳንዱ ዕቃ የአንድ መድኃኒት ቅጠል ቤት ነው። ዳማከሴ አለ፣ ጤና አዳም አለ፣ ግራዋ አለ። ውስጡ ስለ ቅጠሉ የሚያስረዳ ወረቀት፣ ያገኘው ሰው ስሙን የሚጽፍበት ትንሽ ደብተር፣ ቀድሞ ለደረሰ ደግሞ የደረቀ ቅጠል በጥቅል ተቀምጧል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ የወሰደ ይተካ።

ቁጥር ሰባት የጦስኝ ነው። «ቤት ወስዳችሁ እንደ ሻይ አፍሉት፤ ለሳል ፍቱን ነው» ብላ በገዛ እጇ ጽፋበታለች።

ስልኩ ጮኸ። እቴቴ ነበረች። እቴቴ የምትላት የእናቷን ታላቅ እህት፣ ወይዘሮ ፀሐይወርቅን ነው፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሃና ማርያም ባለው አሮጌ ግቢዋ ቅጠል እያደረቀች የጎረቤቱን ሁሉ ምችና ቁርጠት ስታክም ኖራለች።

«ጸዲ፣ ከመደርደሪያዬ ላይ ምንድን ነው የወሰድሽው?»

«ጦስኟን ነዋ። አንቺው ውሰጂ ብለሽኝ።»

«ጦስኟማ ይችው በእጄ ይዣታለሁ።»

የእቴቴን መደርደሪያ ያላየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይገባውም። ቅጠሎቿን ሁሉ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ወረቀት ጠቅልላ በክር ታስራቸዋለች። በላያቸው ስም የሚባል ነገር አይጻፍም። የሚለዩት በክሩ ቋጠሮ ብዛት ነው። ጦስኝን የመሰለውን፣ ልጅ አዋቂው የሚያውቀውን ቅጠል በስሙ ትጠራዋለች፤ ሦስት አራት ጥቅል ግን አሉ፣ ለጸደንያ እንኳ ስማቸውን ነግራት የማታውቅ። «ያቺ» ናቸው፣ «ያኛዋ» ናቸው። የመድኃኒት ስም ከተጠራ እጅ ይረክሳል፣ ፈዋሽነቱ ይሄዳል ትላለች። ጸደንያ በዚህ ነገር ስትስቅ ነው ያደገችው።

«ባለ ሦስት ቋጠሮዋን ውሰጂ አላልሽኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እሷን ነው የወሰድኩት። ሦስት ናት፣ ቆጥሬያለሁ።»

ከስልኩ ማዶ ጥቅል ሲገላበጥ ይሰማል።

«መዝጊያዋንም ቆጠርሻት?»

«መዝጊያ ምንድን ነው?»

«የመጨረሻዋ ቋጠሮ መዝጊያ ናት፣ አትቆጠርም። የቤት ክፍል ስትቆጥሪ በሩንም ትቆጥሪያለሽ እንዴ? ባለ ሁለቷን ነው የወሰድሽው። አቶ ቦጋለ ጥርሳቸውን አሟቸው ያቺን ልሰጣቸው ስገባ ቦታዋ ባዶ ነው።»

ያቺ የጥርስ ናት። ፍም ላይ ትበተንና በጭሷ ጥርስ ይታጠናል። ጸደንያ ይህን በልጅነቷ አይታለች።

«እቴቴ፣ ብትጠጣስ?»

«አትጠጣም።»

«እንደው ብትጠጣ?»

«ታሳብዳለች። የደከመ ሰው፣ አሮጊት ሽማግሌ ከሆነማ…» አልጨረሰችውም።

ጸደንያ ተነስታ ቆመች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች። አፍንጫዋ ባይደፈን ኖሮ ጦስኝን በጠረኑ ታውቀው ነበር፤ የታሸገ ኮሮጆ ውስጥ እንኳ ቢሆን ይሸታል። ዛሬ ማለዳ እቴቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለች በሩጫ ገብታ፣ ቆጥራ፣ በሩጫ ወጣች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እሷ ያፈሰሰችውን ግን ማን እንደለቀመው እንኳ አታውቅም።

በመጀመሪያ ለጨዋታው በከፈተችው የቴሌግራም ቻናል ላይ ልትጽፍ ስልኳን አነሳች። «ቁጥር ሰባት ውስጥ ያለው መርዝ ነው» ብላ ጻፈች። አየችው። ቻናሉ ላይ አምስት መቶ ሰው አለ። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር አሉበት። የጫካውን ፈቃድ የሰጧት ሰዎች አሉበት። መርዝ የሚለው ቃል እንደ እሾህ ዓይኗን ወጋት። አጠፋችውና እንደገና ጻፈች። «ቁጥር ሰባት ላይ የተቀመጠው ጦስኝ ጊዜው ያለፈበት ስለሆነ ባትጠቀሙበት ይመረጣል።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ላከችው። ወዲያው ሦስት ሰው አውራ ጣቱን አሳያት፤ አንዱም ግን ወስጃለሁ አላለም።

በባጃጅ ጋራው ሥር ስትደርስ የጫካው ጠባቂ ኦቦ ቀጄላን በትራቸውን ተደግፈው ቆመው አገኘቻቸው።

«አስተማሪዋ፣ ይሄ ሰው ምን ሆኗል? ከጠዋት ጀምሮ ድንጋይ ሲገለብጥ ነው የዋለው» አሏት።

«ኦቦ ቀጄላ፣ ቁጥር ሰባት ጋ ሰው አይተዋል? ከጽዱ ሥር።»

«ሰውማ ሞልቷል። ደግሞ አንቺን ምን አባረረሽ?»

መልስ ለመስጠት አልቆመችም። ከመንገዱ አፍ እስከ ቁጥር ሰባት ሲዝናኑ አርባ ደቂቃ ነው፤ እሷ በሃያ አምስት ወጣችው። ሁዳዴ ነው፣ በመክፈቻው ሩጫም ከጠዋት ጀምሮ የቀመሰችው ውኃ ብቻ ነው፤ በአፏ እየተነፈሰች ላብ አጠመቃት። ጥቅሏ ባለችበት ትኑር እንጂ ሌላ ነገር አልጠይቅህም እያለች አምላኳን ለመነች። ሰው በጭንቅ ጊዜ የማይሰጠው ተስፋ የለምና፣ ይህን ጨዋታ ከነሣጥኑ እተወዋለሁ ብላም ተሳለች።

ክዳኑን ስትከፍተው ጥቅሏ የለችም። በቦታዋ አንድ እስክሪብቶ ተቀምጧል። ደብተሩን ከፈተችው። የመጀመሪያው ጽሑፍ በጥንቃቄ የተጻፈ ነው።

«ጀማሉዲንና ባለቤቱ መርዋ። ረፋድ አራት ተኩል። ጦስኟን ለእናታችን ወስደናል፣ ሳሉ እንቅልፍ ነስቷታል። ዛሬ በአፍጥር ሰዓት እናፈላላታለን። አላህ ይስጥልን።»

ጸደንያ መሬት ላይ ዘጭ አለች። ከዚያ አንዲት ቃል ይዛ ቀና አለች፤ በአፍጥር ሰዓት። ዘንድሮ ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል፤ እሷም ጾመኛ ናት፣ እነሱም ጾመኞች ናቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዲት ጠብታ ሻይ በእነዚያ ሰዎች ጉሮሮ አትወርድም። ፀሐይ የምትጠልቀው አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አካባቢ ነው። አሁን አሥር ሰዓት ከሩብ ሆኗል። በሰው ጾም እንዲህ የተደሰተ ሰው በዚያ ቀን በአዲስ አበባ አልነበረም።

እስክሪብቶውን ወደ ብርሃን አዞረችው። «ዙሌካ መጋረጃ፣ መካኒሳ» ይላል። ስልክ ቁጥር የለውም። ለእስክሪብቶ ማስታወቂያ የሚከፍል ሰው ስልክ ቁጥሩን ምን ነካው ብላ ተናደደችና ኪሷ ከታው ቁልቁል ሮጠች።

ፉሪ ላይ የታክሲው ሰልፍ የዋዜማ ገበያ ያህላል። ሃምሳ ደቂቃ ቆመች። ታክሲ ውስጥ ስትገባ አሥራ አንድ ተኩል አልፏል። በመስኮቱ ፀሐይዋን ታያለች፤ ፀሐይዋ ምን ቸገራት፣ ትወርዳለች። መኪናው ግን አይወርድም አይወጣም። ጀርመን አደባባይ ሲቃረቡ ጭራሽ ቆመ። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ዝግ ነው» አለ፤ ሁሉም ሰው እያየው።

ቻናሉን ደጋግማ ከፈተች። መልእክቷን አራት መቶ ሰው አይቶታል። ማረም ትችል ነበር። ጣቷ ጽሑፉ ላይ ሁለት ጊዜ አረፈ፣ ሁለት ጊዜ ተነሳ። እደርሳለሁ ብላ ራሷን አሳመነች። ከደረስኩ ማንም ሳያውቅ ጥቅሏን ተቀብዬ፣ ይቅርታ ብዬ እመለሳለሁ አለች።

አዛን የተሰማት እዚያው ታክሲ ውስጥ ሆና ነው። ከአንዱ መስጊድ ተጀመረ፣ ሌላው ተቀበለው። ፊት ለፊቷ የተቀመጠ ሰው ከኪሱ ቴምር አወጣ፣ ከጎኑ ላለውም አካፈለ። ጸደንያ በሰው ጉልበት ላይ ተረማምዳ ወረደች፤ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ነው የሮጠችው።

መካኒሳ ስትደርስ የመጋረጃ ቤቱ የብረት መዝጊያ ወርዷል። ከጎኑ ሳምቡሳ የምትጠብስ ሴት የዙሌካን ቤት ስትጠይቃት በጭልፋዋ ወደ ቅያሱ አመለከተቻት። «ሦስተኛው በር፣ ሰማያዊው» አለቻት። ሰማያዊው በር ገርበብ ብሏል። አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ሆኗል።

ቤቱ ሞቅ ብሏል፤ ምግቡ ምንጣፍ ላይ ቀርቧል። ጀማሉዲን ትከሻው የሰፋ፣ ድምፁ የቀጠነ ሰው ነው፤ እንግዳ ሲያይ ማንነቷን ሳይጠይቅ ከተቀመጠበት ፈቀቅ አለላት። ሚስቱ መርዋ ግን አወቀቻት።

«እንዴ፣ የቅጠሏ አስተማሪ አይደለሽም? ፎቶሽን ቻናሉ ላይ አይቼዋለሁ። ግቢ፣ አብረሽን አፍጥሪ።»

«ሻዩን… የጦስኙን ሻይ ጠጣችሁት?»

«እኛ ገና ከሶላት ተነስተን ሾርባው ላይ ነን። እማማ ናቸው ከቴምሩ ቀጥሎ የጠጡት፣ ለጉሮሯቸው።»

«መልእክቴን አላያችሁትም?»

«አይተነዋል» አለች መርዋ፣ በቅን ፊት። «ጊዜው አልፎበታል አላልሽም? እውነትሽን ነው፣ ሽታው ሁሉ ጠፍቷል። እሳቸውም ቀምሰው ውኃ ነው አሉኝ። እኔም እንዲጠነክር ብዬ የቀረውን ጨመርኩበት።»

ጸደንያ ግድግዳውን ያዘች። አሮጊቷ የጀማሉዲን እናት ዙሌካ ጥግ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ፊታቸው በርበሬ መስሏል። አርባ ዓመት መጋረጃ የሰፉ ሴት ናቸው፤ አሁንም በቀኝ እጃቸው ጣቶች የሌለ መርፌ ይዘው፣ በግራቸው የሌለ ጨርቅ ወጥረው አየሩን ይሰፋሉ። በየመሐሉ የሌለውን ክር በጥርሳቸው ይበጥሳሉ።

«እማማ?» አለ ጀማሉዲን።

ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ጥቁሩ ብቻ ቀርቷል። «አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ጀማሉዲን እናቱን እንደ ሕፃን አንስቶ ወጣ። ክሊኒኩ ሁለት ቅያስ አልፎ ነው። ዶክተር ሄርሜላ ገና ወጣት ናት፣ ፊቷ ግን የረጋ ነው። አሮጊቷ ሆዳቸውን ይዘው ይቃትቱ ነበርና ነርሷ የቁርጠት መርፌ ቀድታ ጨርሳለች።

«ምን ወሰዱ?» አለች ዶክተሯ።

ጀማሉዲንና መርዋ ወደ ጸደንያ ዞሩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ የሸሸችው ቃል እዚህ ድረስ ተከትሏት መጥቷል።

«መርዝ ነው» አለች። «ጦስኝ ነው ብዬ ያስቀመጥኩት መርዝ ነው።»

«ስሙስ?»

«አላውቀውም። አክስቴ ናት የምታውቀው። ለማንም አትናገርም።»

«ደውይላት። ስሙን ሳላውቅ የምሰጠው ነገር ሊያድናቸውም ሊገድላቸውም ይችላል።»

ደወለች፤ ድምፁን ለሁሉም ከፈተችው።

«እቴቴ፣ ጠጥተዋታል። አሮጊት ናቸው። ስሟን ንገሪኝ።»

«አጠገብሽ ማን አለ?»

«ሐኪሟ አለች። ልጃቸው አለ። ሁሉም አለ።»

«እስኪ ብቻሽን ሁኚ።»

«ጊዜ የለም እቴቴ። እኔን ስትይ።»

እቴቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ከዚያ ሰባ አራት ዓመት ከኖረ አፍ፣ ስሟን እንደ ከባድ የቤት ዕቃ እየጎተተች አወጣቻት።

«አስተናግር ናት።»

ዶክተር ሄርሜላ ዘወር ብላ የነርሷን እጅ ያዘች። «መርፌዋን መልሻት። የመርፌዋና የቅጠሏ ሥራ አንድ ዓይነት ነው፣ በላዩ ላይ ብንጨምርባቸው ልባቸው አይችልም።» ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «አስተናግርማ መንገድ ዳር ሁሉ አለች፣ ቆሻሻ መጣያው ጋ ሳይቀር» አለች። ስልኩ አሁንም ክፍት ነበር። ወዲያው በማዶ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ከሰል ያጠጧቸዋል፣ ግሉኮስ ይሰቅሉላቸዋል፣ ክፍሉን አጨልመው ልባቸውን ያዳምጣሉ። ጸደንያ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ተቀመጪ ያላት የለም፣ እሷም ለመቀመጥ አልደፈረችም። ሦስት ሰዓት ሲል ዶክተሯ ወጥታ «አደጋውን አልፈዋል፤ መቀባዠሩ ግን እስከ ነገ ይቆያል» አለች። መርዋ አለቀሰች። ጀማሉዲን ወደ ጸደንያ መጣ። ይጮህብኛል ብላ ተዘጋጅታ ነበር፤ ቢጮህባት ደስ ባላት።

«መርዝ ብለሽ ጽፈሽ ቢሆን ኖሮ እናፈላው ነበር?» አላት፣ በዚያ ቀጭን ድምፁ።

«አይ።»

«እኔም እሱን ነው የማስበው» አለና ወደ እናቱ ተመለሰ።

እሑድ ጠዋት ጸደንያ አሥሩንም የምሳ ዕቃ ከጫካው ለቅማ፣ ቻናሉ ላይ የሆነውን ሁሉ ከነመርዙ ጽፋ፣ ሃና ማርያም ሄደች። እቴቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነው። መደርደሪያዋን አራግፋ ጥቅሎቿን ሁሉ በአንድ ካርቶን ከታ እግሯ ሥር አድርጋለች።

«ዳኑ?»

«እየዳኑ ነው። ዛሬ ልጃቸውን በስሙ ጠሩት።»

«ተመስገን።» እቴቴ መሬት መሬት አየች። «እናቴ የቅጠሏን ስም በጆሮዬ የነገረችኝ ልትሞት ሦስት ቀን ሲቀራት ነው። ስሙን ያወጣ ሰው እጁን አብሮ ይሰጣል። እኔም ሰጠሁ።»

«እቴቴ፣ ሐኪሟ ያለችውን ሰምተሻል…»

«ሰምቻለሁ። መንገድ ዳር አለች። እኔም ከመንገድ ዳር ነው የምለቅማት፣ ከየት መሰለሽ? ትልቁ ነገር ማንም እንዳይነካት መጠበቅ ነበር።»

በሩ ተንኳኳና አቶ ቦጋለ ገቡ። ጉንጫቸው አብጦ አገጫቸውን በሻሽ አስረውታል። «ፀሐይወርቅ፣ እንደው ያቺን ነገር አጣሻት? ሌሊቱን ስዞር ነው ያደርኩት» አሉ።

«እኔ ጋ አይደለም አቶ ቦጋለ» አለች እቴቴ። «ከእንግዲህ እሷ ጋ ነው።» ካርቶኑን በእግሯ ወደ ጸደንያ ገፋችው።

ጸደንያ አቶ ቦጋለን አየች፤ ሰውየው ተስፋ ባለው ዓይን ያዩዋታል። ካርቶኑ ውስጥ እጇን ሰደደች። ያወጣችው የመጀመሪያው ጥቅል ባለ ሦስት ነው፣ ወይስ ባለ አራት? ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ትናንት ሮጣ የቆጠረችበት ጣቷ ዛሬ ተቀምጣም አልታመን አላት።

«እቴቴ፣ ይቺ የትኛዋ ናት?»

«ቁጠሪ።»

«ፈራሁ።»

«እንግዲያውስ ጥሩ ነው። እኔም በየቀኑ ፈርቼ ነው የኖርኩት» አለች እቴቴ።

ጸደንያ ጥቅሏን አስቀመጠች። «አቶ ቦጋለ፣ እኔ ሊታጠኑት የምሰጥዎት ነገር የለኝም። ትንሽ ቢታገሡኝ የጥርስ ሐኪም ጋ አብሬዎት እሄዳለሁ።» አቶ ቦጋለ ጉንጫቸውን ይዘው እያጉረመረሙ ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

ከቦርሳዋ የዙሌካ መጋረጃ ቤትን እስክሪብቶ አወጣች። ጥቅሏን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የቀን መቁጠሪያውን ወረቀት በመዳፏ አቃናች። እቴቴ ሊጻፍ መሆኑን ስታይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አትጻፊ ግን አላለችም። ከዚያም ፊቷን ሳትመልስ፣ የጥቅሏን ስም በቀስታ ተናገረች።

«እጅሽ እስኪረጋ ጠብቂ፣ ከዚያ ጻፊ» አለቻት።

ጸደንያ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። እጇ አልረጋም፤ እየተንቀጠቀጠ ጻፈች።